አንባቢ ያልነበረውን ሰው አንባቢ የሚያደርገው የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው ወይስ ሁለተኛው?

የደብተሩ ባለቤት (ርእሱን የከፈተ)

ባሕር ዳር ውስጥ ለስምንት ዓመታት ያህል፣ ከ1998 እስከ 2006 ዓ.ም.፣ አንዲት የመጽሐፍ ማከራያ ክፍል ነበረችኝ። ሦስቱን ግድግዳ መደርደሪያ ይዞታል፤ በአራተኛው በኩል በሩና የእኔ በርጩማ ነበሩ። ሰሞኑን ቤት ስንቀይር የኪራይ ደብተሮቼ ከአንድ ማዳበሪያ ውስጥ ወጡ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አምስት ዓምድ አስምሬአለሁ፦ ስም፣ መጽሐፍ፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፣ መያዣ። መያዣው ብዙ ጊዜ የተማሪ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ነበር።

የ2001 ዓ.ም. ደብተር መጨረሻ ላይ ስደርስ የገጹ መልክ ይለወጣል። ከዚያ በፊት በመጽሐፍ ዓምድ ሥር ልዩ ልዩ ርእስ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድ ርእስ ብቻ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የወጣበት ዓመት ነበር። መጻፉ ቢሰለቸኝ በሁለተኛው ወር ላይ «ዴ.» እያልሁ ማሳጠር ጀምሬአለሁ። ሦስት ቅጂ ነበረኝ፤ ሦስቱም አልበቁም። ጥራዛቸው ሁለት ጊዜ ተፈትቶ በወፍራም መርፌና በክር ሰፍቻቸዋለሁ፤ ሽፋናቸውንም በላስቲክ ለብጫለሁ።

የስለላው ታሪክ በጣና ሐይቅና በገዳማቱ ዙሪያ መሽከርከሩ ለከተማችን ልጆች የተለየ ነገር ነበር፤ ነገር ግን እዚህ የማነሣው ስለ መጽሐፉ ጥራት ለመከራከር አይደለም። የሚገርመኝ በስም ዓምድ ሥር የተመዘገቡት ሰዎች ናቸው። የባጃጅ ሹፌሮች፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ከአጠገቤ ቡና የምታፈላው ልጅ፣ አንድ የጎማ ጥገና ሠራተኛ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ከዚያ ቀን በፊት ደጄን ረግጠው አያውቁም ነበር። ከፊሎቹ «ዴ.»ን፣ ከዚያም ተከታዮቹን ካነበቡ በኋላ ከደብተሩ ለዘለዓለም ይጠፋሉ። ከፊሎቹ ግን ሱቁን እስክዘጋ ድረስ በየሳምንቱ ስማቸው ይገኛል። ሁለቱም ወገኖች የጀመሩት በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ሱቅ ሆኖ ሳለ ለምን ተለያዩ?

አንዱን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ዴርቶጋዳ»ን በሁለት ቀን ጨርሶ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ መጣና «እንዲህ ያለ ሌላ ስጠኝ» አለኝ። እኔም አንባቢ ላደርገው ነው ብዬ የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» አስያዝኩት። በጣም የምወደው መጽሐፍ ነው። ልጁ ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሰልኝ፤ ገጽ 19 ላይ ጠርዙ ታጥፏል። መታወቂያውን ተቀብሎ ወደ መደርደሪያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ስሙ በደብተሩ ላይ የለም።

እንግዲህ እናንተ ምን ትላላችሁ?

መምህር ከደብረ ማርቆስ

ጥያቄው በመረጃ መፈተሽ የሚችል ስለሆነ፣ ከራሳችን ትዝታ ወጣ ብለን ብዙ ቆጠራ የተካሄደበትን አንድ ጉዳይ እንመልከት እላለሁ። ስለ አንድ ጠንቋይ ልጅ የሚተርከው ባለ ሰባት ቅጽ ልብ ወለድ፣ «ሃሪ ፖተር»፣ በአሜሪካ መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ በ2007 የወጣው ሰባተኛው ቅጽ በመጀመሪያው ዕለት ብቻ በዚያው አገር 8.3 ሚሊዮን ቅጂ እንደተሸጠ አሳታሚው አስታውቋል። በዚህ መጠን የተነበበ ልብ ወለድ አንባቢ ካላፈራ፣ ሌላው ያፈራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

በዚያ አገር መንግሥት ለረጅም ዘመን በሚያካሂደው የተማሪዎች ምዘና ውስጥ «ለመዝናናት ምን ያህል ጊዜ ታነባለህ?» የሚል ጥያቄ አለ። በ1984 ከ17 ዓመት ልጆች መካከል በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ አነባለሁ ያሉት 31 ከመቶ ነበሩ፤ በ2004 ወደ 22 ከመቶ ወረዱ። ከናካቴው አላነብም ወይም እምብዛም አላነብም ያሉት ደግሞ ከ9 ወደ 19 ከመቶ አደጉ። በ2004 አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ የመጀመሪያው ቅጽ ሲወጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር፤ ማለትም ከመጽሐፉ ጀግና ጋር እኩያ ሆኖ ያደገ፣ ማዕበሉ ፊት ለፊት የመታው ትውልድ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጆች ቁጥር ግን በእነዚያ ሃያ ዓመታት ከ53 ወደ 54 ከመቶ ነው የሄደው፤ አልተነቃነቀም ቢባል ይቀላል። ልጆች በልጅነታቸው ያነባሉ፤ ጎረምሳ ሲሆኑ ይተዋሉ። ያ ሁሉ ሰልፍና ጩኸት ይህን ልማድ አልሰበረውም።

ተቃራኒ መረጃ እንዳለ አልደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገ አንድ ጥናት የተከታታዩ ወጣት አንባቢዎች ግማሽ ያህሉ «ከዚህ መጽሐፍ በፊት ለመዝናናት አናነብም ነበር» ብለዋል። ጥናቱን ያስጠናው ግን የመጽሐፉ የአሜሪካ አሳታሚ ራሱ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ጠጅ ሻጭ ጠጄ ቀጠነ እንደማይል ሁሉ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

መምህር፣ ቁጥርዎን በአክብሮት አነበብኩት፤ ልጄም ከዚያ ቁጥር ውስጥ ናት። ይሁን እንጂ በቤቴ የሆነውን ብነግርዎ ቆጠራው ያላየው ነገር እንዳለ ይረዱኛል።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የገባነው ልጄ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2003 አምስተኛው ቅጽ በእኩለ ሌሊት ሲሸጥ፣ የማታ ሥራዬን ጨርሼ ከነዩኒፎርሜ ሰልፍ ይዤላት ነበር። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት እንደ መጽሐፉ ጀግና መነጽር አድርገው፣ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ ተስሎላቸው፣ እናቶቻቸው ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው አየሁ። መጽሐፉ 870 ገጽ ነው፤ ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው አንድ ኪሎ ሥጋ ይደፋ ነበር። ልጄ ያን በአንድ ሳምንት ጨረሰች። ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ጥሩ ሥራ አላት፤ የምታነበው ግን እነዚያኑ ሰባቱን ነው። በየክረምቱ በረዶ ሲጥል ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሌላ መጽሐፍ ብሰጣት በትሕትና ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ ታኖረዋለች። የአንድ መጽሐፍ ዘላቂ አንባቢ ናት እንጂ የመጻሕፍት አንባቢ አልሆነችም፤ እስከዚህ ድረስ እርስዎ ትክክል ነዎት።

አንባቢ የሆነችው ሌላ ሰው ናት፤ እኔ። ሀገር ቤት ሳለሁ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጪ ልብ ወለድ የሚባል ጨርሼ አላውቅም። ጠንቋይ ይበዛበታል ሲሉ ሰምቼ ልጄ ምን እንደምታነብ ለማጣራት ብዬ የመጀመሪያውን ቅጽ ከሥሯ ወሰድኩ። እንግሊዝኛዬ የሥራ እንግሊዝኛ ነበር፤ አንዱን ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል፤ ያልገባኝን ቃል እርሷ በአማርኛ ትነግረኛለች። ሦስተኛው ቅጽ ላይ መዝገበ ቃላት መክፈት አቆምኩ። ከዚያ የካውንቲያችን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አንዲት ሽማግሌ ሴት የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ወዳሉበት መደርደሪያ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። «ይህች ጸሐፊ ከሠላሳ በላይ አላት፤ አንዱን ከወደድሽው ለሁለት ዓመት አታስቸግሪኝም» አለችኝ። እርሷ ጡረታ ወጥታለች፤ እኔ ግን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እኔን የጠየቀኝ ጥናት የለም፤ የተጠየቁት ልጆች ናቸው።

የሬዲዮ ዘመን ሰው

ሁላችሁም «ዘላቂ አንባቢ» ስትሉ ልብ ወለድ ከልብ ወለድ ላይ የሚያነብ ሰው ማለታችሁ ይመስለኛል። እኔ ይህን ትርጉም ሳልቀበለው ልጀምር።

አባቴ ፊደል የቆጠረው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያነበው ነገር ስላልነበረው ፊደሉ ቀስ በቀስ ይጠፋው ጀመር። በዚያን ጊዜ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተርክ ነበር። መጽሐፉ ከወጣ፣ በ1958 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ብዙ ዓመት አልፎታል፤ በእኛ መንደር ግን አዲስ ነበር። ትረካው በሚተላለፍበት ሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮ ወዳለበት ቤት ይሰበሰባል፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር የሚስቅ አለ፣ የሚቆጣ አለ። አባቴ መጽሐፉን ከከተማ አስገዝቶ አስመጣና ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ማንበብ ጀመረ። ዓረፍተ ነገሩን በወጋየሁ ድምፅ አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ዓይኑ ሲሰናከል ጆሮው ይደግፈው ነበር። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ፣ ከንፈሩ ከተራኪው ቃና ጋር ሲንቀሳቀስ አይ ነበር፤ የበዛብህን ንግግር በቀጭን ድምፅ፣ የፊታውራሪ መሸሻን በወፍራም ድምፅ ነው የሚያነበው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ልብ ወለድ አንብቦ አያውቅም። ነገር ግን እስኪሞት ድረስ በየማለዳው መዝሙረ ዳዊት፣ ጋዜጣ ሲያገኝ ደግሞ «አዲስ ዘመን»ን ከፊት ገጽ እስከ ማስታወቂያው ያነብ ነበር። ይህን ሰው በየትኛው ዓምድ ልታስቀምጡት ነው?

ተጠራጣሪው

በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። የደብተሩ ባለቤት የሚያየው የተከራየውን ሰው ብቻ ነው። ከደብተሩ የጠፋው ከንባብ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ፣ ከአዟሪ ገዝቶ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ የሚዘዋወረውን ፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርዶ ሊያነብ ይችላል። ወጣቶች አያነቡም የሚለው እሮሮ ግማሹ፣ እኛ በምናይበት ቦታ አያነቡም ማለት ነው።

መምህር ከደብረ ማርቆስ

የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ ያሉት እውነት ነው፤ ቆጠራው የጎልማሳውን ክፍል በሌላ መዝገብ ይዞታል። ለራሴ ክርክር የማይመቸውን ቁጥር ላስቀምጠው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበባት ድጋፍ ተቋም ባካሄደው ጥናት ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች መካከል በዓመት ውስጥ ልብ ወለድ፣ አጭር ልብ ወለድ፣ ግጥም ወይም ተውኔት አነበብኩ ያለው በ2002 ከነበረበት 42.8 ከመቶ በ2008 ወደ 51.7 ከመቶ ከፍ ብሏል። ከረጅም ዘመን ቁልቁለት በኋላ የታየ ዕድገት ነው፤ ያ ትውልድ ደግሞ ይኸው የእርስዎ ልጅ ትውልድ ነው። ነገር ግን አልዘለቀም። ልብ ወለድ ወይም አጭር ልብ ወለድ ያነበቡ ጎልማሶች በ2012 ከነበሩበት 45.2 ከመቶ በ2017 ወደ 41.8፣ በ2022 ደግሞ ወደ 37.6 ከመቶ ወርደዋል። በመካከሉ ስማርት ስልክ መምጣቱን እኔም አልረሳሁትም፤ ቢሆንም አንድ ሰው ከዘለቀ በኋላ ስልክ የሚያስተወው ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ምን ያህል ዘልቆ ነበር የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

ስለ ቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ያወሩት ግን ከቁጥሩ ይልቅ አሳስቦኛል። ኪት ስታኖቪች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ የንባብን ነገር ከማቴዎስ ወንጌል ጋር አያይዞታል፦ «ላለው ሁሉ ይሰጠዋልና ይበዛለትማል»። ብዙ የሚያነብ ልጅ ብዙ ቃል ያውቃል፤ ብዙ ቃል ስለሚያውቅ ማንበቡ ይቀለዋል፤ ስለሚቀለው ይበልጥ ያነባል። ያልጀመረው ደግሞ በተቃራኒው በየዓመቱ ከእኩዮቹ ይርቃል። ስቴፈን ክራሸን የተባለው የቋንቋ ምሁር በበኩሉ ጀማሪ አንባቢ በአንድ ጸሐፊ ወይም በአንድ ዓይነት ታሪክ ላይ ተጣብቆ ቢቆይ ይጠቅመዋል ይላል፤ ምክንያቱም ቃሉም፣ የሰዎቹ ጠባይም፣ የአተራረኩ ስልትም እየተደጋገመ ስለሚመጣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይቀልለዋል። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ባለደብተሩ ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ «ግራጫ ቃጭሎች»ን ሲሰጥ የተገላቢጦሹን አድርጓል።

በክፍሌም የማየው ይኸው ነው። «ዴርቶጋዳ»ን አንብቦ የመጣን ተማሪ ብዙዎቻችን የምንቀበለው «እርሱስ ይሁን፣ መቼ ነው ቁም ነገር የምታነበው?» በሚል ፊት ነው። ከዚያ ፊት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ አይፈረድባቸውም።

የደብተሩ ባለቤት

ይቅርታ ማለት አያስፈልግዎትም፤ እኔው ራሴ ያመጣሁት ስሕተት ነው። ያልጻፍኩት ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ነው።

ያ ልጅ ከሄደ በኋላ መደርደሪያዬን በአዲስ መልክ አዘጋጀሁት። ከዚያ በፊት መጻሕፍቱ የተደረደሩት በጸሐፊ ስም ሲሆን፣ አንባቢ ላልሆነ ሰው የጸሐፊ ስም ምንም አይነግረውም። በበሩ በስተቀኝ፣ ዓይን በሚያርፍበት ከፍታ፣ «ዴ.»ን የጨረሰ ሰው ቀጥሎ ሊወስደው የሚችለውን ብቻ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ የዚያው ጸሐፊ ተከታዮች። ከዚያ የማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች፤ ወረቀታቸው ቢጫ ሆኗል፣ ነገር ግን ልብ አንጠልጣይነታቸው አላረጀም። ከእነርሱ ቀጥሎ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»። ይህ የመጨረሻው ድልድዬ ነበር። ስለላ የለመደው ሰው በስለላው ይገባል፤ አሥመራ አለች፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አለ፣ ፊያሜታ አለች፤ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ መደረጉን ስነግረው ደግሞ እጁ ይፈጥናል። ሲወጣ ግን ስለላ ሳይሆን ሥነ ጽሑፍ አንብቦ ነው የሚወጣው፤ ሳይታወቀው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ደብተሩን ሳገላብጥ ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ ይህ ነው፦ የዘለቁት ሰዎች «ዴ.»ን የመለሱበት ቀንና ሌላ የወሰዱበት ቀን አንድ ነው። «ዛሬ ይቅርብኝ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ያሉት አልመጡም። ስለዚህ መጽሐፍ ሲመልሱ መታወቂያቸውን ወዲያው መስጠት ተውኩ፤ «እስቲ ይህን ይዘህ ሂድ፣ ካልጣመህ ነገ መልስ፣ የዛሬውን ኪራይ አላስብብህም» እል ነበር። መታወቂያው እኔ ዘንድ ከቆየ መመለሱ አይቀርም። ይህ ንግድ ነው ትሉኝ እንደሆን፣ አዎን፣ ንግድም ነበር።

ቡና የምታፈላው ልጅ በዚህ መንገድ ነው «ኦሮማይ» የደረሰችው። የእኔ ቅጂ የመጨረሻው ቅጠል ተገንጥሎ ነበር፤ ይህን ሳልነግራት ሰጠኋት። በማግሥቱ ጀበናውን ከሰል ላይ ትታ መጥታ «መጨረሻው የት አለ?» ብላ ጮኸችብኝ። ከአንድ ወዳጄ ቅጂ ተውሼ ያን ገጽ በእጄ ጽሑፍ ገልብጬ ለጠፍኩበት፤ እርሷም ቆማ አነበበችው። ወደ ሌላ ከተማ ተድራ እስክትሄድ ድረስ ስሟ በደብተሩ ላይ አለ።

የሬዲዮ ዘመን ሰው ስለ አባታቸው ለጠየቁት፣ በእኔ ደብተር ቢሆን ኖሮ «የዘለቀ» ብዬ እጽፋቸው ነበር። ተጠራጣሪው ላሉት ግን መልስ የለኝም፤ ከሱቄ በር ውጭ የሆነውን አላውቅም።

አላነብም

ይህን ርእስ የላከችልኝ እኅቴ ናት፤ «አንተን ነው የሚያወሩት» ብላ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ «ዴርቶጋዳ»ን ሦስት ጊዜ አንብቤአለሁ፤ አንዴ በሌሊት በሻማ፣ አንዴ ለጓደኞቼ ጮክ ብዬ፣ አንዴ ደግሞ ምን እንዳመለጠኝ ለማየት። ከዚያ በኋላ ከዩኒቨርሲቲ ሞጁል በስተቀር አንድም መጽሐፍ አልጨረስኩም።

ስለ እኛ ስትነጋገሩ እንደ ጠፋ በግ ባታዩን ደስ ይለኛል። ያ መጽሐፍ ለእኔ የአንድ ክረምት ደስታ ነበር፤ ምንም ነገር እንዲያደርገኝ አልጠበቅሁም፤ ኳስ ጨዋታ ያየ ሰው ሁሉ ኳስ ተጫዋች ካልሆነ ብሎ የሚያዝን የለም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እውነት ነው። ከዚያ ክረምት በኋላ ምን ላንብብ ብዬ የጠየቅሁት ሰው አልነበረም፤ የሚጠየቅም አላውቅም ነበር። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበሩት የመማሪያ መጻሕፍት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ወደ ቤት አይወሰዱም። ያ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ቢያንስ ጠይቋል፤ የተሰጠው ከበደው እንጂ።

የደብተሩ ባለቤት፣ በእጅ የተጻፈ ገጽ ያለበት «ኦሮማይ» አሁንም እርስዎ ዘንድ ይገኛል? በሚቀጥለው ወር ለሥራ ባሕር ዳር እመጣለሁ።

የደብተሩ ባለቤት

ይገኛል። መያዣው ግን እንደ ድሮው መታወቂያ ነው።